ይሄኛው ለምን መስመር የለውም?

በካናዳ አንድ ደስ የሚል ልማድ አለ። በየዓመቱ በኖቬምበር ወር የመጀመሪያው ረቡዕ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከወላጅ ወይም ከዘመድ ጋር ሥራ ቦታ ይውላሉ። አንዱ ባንክ ይውላል፣ ሌላዋ ሆስፒታል፣ ሌላው ምግብ ቤት። የእኔ ልጅ ግን የዋለችው ከባድ መኪና ሥር ነው።

እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። የምንኖረው በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዶቨር በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈራችን በአንድ በኩል ከፍ ያለ አፋፍ ላይ ያልቃል። እዚያ ቆም ብላችሁ ብታዩ ከታች የቦው ወንዝ ሸለቆ፣ ከማዶ የመሀል ከተማው ፎቆች፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የሮኪ ተራሮች ይታያሉ። በርበሬና እንጀራ ሲያልቅብን ወደ 17ኛው አቬኑ ብቅ እንላለን። የምሠራበት ጋራዥም ሩቅ አይደለም፤ ፉትሂልስ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ነው።

ዋዜማውን ማታ ከልጄ ጋር ስምምነት አደረግን።

«ነገ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ብቻ» አልኳት።

«እሺ አባ። ግን አትሳቅብኝ» አለች።

«አልስቅም።»

«ደግሞ ሳልጨርስ አትጨርስልኝ።»

ይህ ሁለተኛው ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር። ማለቷ፣ እሷ አንድ ቃል እየፈለገች ዝም ስትል እኔ ቸኩዬ ዓረፍተ ነገሯን እጨርስላታለሁ። ብዙ ወላጆች ይህን እናደርጋለን። «እሺ» አልኳት።

ንፋስ የሌለበት ንፋስ

ጠዋት አንድ ወዳጃችን መኪናውን ይዞ መጣ። የሀገራችን ሰው ነው፤ ልጄ «ጋሼ» ነው የምትለው። ማታ ጭነት ይዞ ወደ ቫንኩቨር ሊነሳ ነበር። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ንፋስ ያስወጣል» አለኝ።

ልጄ በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች። የዛፍ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

«የቱ ንፋስ?» አለች።

ሹፌርና መካኒክ «ንፋስ» ሲል ብዙ ጊዜ የሰማዩን ንፋስ ማለቱ አይደለም። መኪናው ውስጥ ታምቆ የተቀመጠውን አየር ማለቱ ነው። ትንንሽ መኪናዎች ፍሬናቸው በዘይት ይሠራል። ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ግን በአየር ነው የሚቆሙት። ሞተሩ ኮምፕሬሰር የሚባለውን መሣሪያ ያዞራል፤ ኮምፕሬሰሩ አየሩን አምቆ ወደ ማጠራቀሚያው ይልካል። ከዚያ አየሩ በቱቦ እየሄደ እያንዳንዱ ጎማ ጋ ይደርሳል። የአየሩ ግፊት ሲሞላ ወደ 120 ፒኤስአይ ይጠጋል። የቤታችሁ መኪና ጎማ ውስጥ ያለው 35 አካባቢ ነው። ልዩነቱን አስቡት።

ልጄ «አየሩ ካለቀ መኪናው መቆም አይችልም?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። የድሮ ሰዎችም በዚህ ተቸግረዋል። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 የባቡር የአየር ፍሬን ሲሠራ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በመጀመሪያው አሠራሩ አየር ሲሄድ ፍሬኑ ይይዛል፤ ቱቦው ከተበጠሰ ግን ፍሬን የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ነገሩን ገለበጠው፤ ቱቦው ሲበጠስና አየሩ ሲወጣ ፍሬኑ ራሱ እንዲይዝ አደረገ።

የዛሬ የጭነት መኪናም በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው። በፍሬኑ ውስጥ በጣም ጠንካራ ሞላ አለ። ሞላውን ጨፍልቆ የሚይዘው አየሩ ነው። ግፊቱ ወደ 60 ሲወርድ መኪናው ይጮኻል፣ መብራት ያበራል። ከዚያም አልፎ በጣም ከወረደ፣ በ45 እና በ20 መካከል፣ ሞላው ይለቀቅና ጎማዎቹን ይይዛል። መኪናው ባለበት ይቆማል።

«ታዲያ ጥሩ ነው!» አለች።

«ጥሩ ነው። ግን የት ነው የሚቆመው?»

ጋሼ ማታ የሚሄድበት መንገድ ሮኪ ተራሮችን አቋርጦ፣ 1,330 ሜትር ከፍታ ባለው ሮጀርስ ፓስ በኩል ያልፋል። በኖቬምበር በረዶ አለ፤ ጨለማው ረጅም ነው። እዚያ መታጠፊያ ላይ ትልቅ መኪና ሳይታሰብ ቢቆም ከኋላ የሚመጣው ምን ያደርጋል? ልጄ መልስ አልሰጠችም። ጓንቷን አጥልቃ ተከተለችኝ።

ጥርስ እና ጥርስ

መጀመሪያ ጎማው ሥር ታኮ አደረግን። ታኮ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረግ እንጨት ወይም ድንጋይ ነው፤ የእኛ ጋራዥ የላስቲክ ነው ያለው። ከዚያ ጆሯችንን ሰጠን። ከሹፌሩ ክፍል በስተኋላ «ሺሺሺ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንድ ፊቲንግ አርጅቷል፤ ውስጡ የገባው የቱቦ ጫፍም ተፍቋል።

ፊቲንግ ማለት ቱቦን ከሌላ ነገር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ ነው። ይሄኛው ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ እንደ ቡሎን ጥርስ አለው፤ በመፍቻ እየተጠመዘዘ ፍሬኑ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ይታሰራል። ሌላው ጫፍ ግን አይጠመዘዝም። ቱቦውን ገፋ ታደርገዋለህ፣ ይገባል፣ በቃ።

«በላው!» አለች ልጄ፣ በሌላ አሮጌ ቱቦ ስትሞክረው።

«ዋጠው ነው የሚባለው። መብላት ማኘክ አለበት፤ ይሄ አላኘከም።»

«ዋጠው» አለች። ቀኑን ሙሉ ወደደቻት፣ ቃሏን።

አንድ የተጣለ ፊቲንግ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቄ ውስጡን አሳየኋት። ከአፉ ጀምራችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት በጣት የሚጫኑት ቀለበት ነው። ቀጥሎ ትንንሽ የብረት ጥርሶች አሉ፤ ሁሉም ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው። ከነሱ በኋላ ኦሪንግ የሚባል ክብ ላስቲክ አለ፤ አየር እንዳይወጣ የሚከለክለው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ግድግዳው አለ። ቱቦው እዚያ ድረስ ገብቶ ግድግዳውን መንካት አለበት።

ጥርሶቹ ቱቦው እንዲገባ ይፈቅዳሉ፤ እንዲወጣ ግን አይፈቅዱም። ልጅ ሆኜ ገጠር ዘመድ ጋ ስሄድ የገብስ ዛላ እጅጌያችን ውስጥ ከተን እንጫወት ነበር። የገብሱ ጢም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዘነብል ዛላው ወደ ላይ ብቻ ይወጣል፤ ወደ ታች ብትስበው እምቢ ይላል። ፊቲንጉም እንደዚያ ነው። እንዲያውም አየሩ ቱቦውን ወደ ውጪ በገፋው ቁጥር ጥርሶቹ የበለጠ ይነክሱታል። ማውጣት ሲፈለግ አየሩ ሁሉ ይለቀቅና ቀለበቱን ጫን ይሉታል፤ ያኔ ጥርሶቹ ከፈት ይላሉ።

«በአፍ ያለው ጥርስ፣ ቡሎን ላይ ያለው ጥርስ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ጥርስ። ሦስቱም ጥርስ?» አለችኝ።

«ሦስቱም ጥርስ።»

ጭቃና ጭድ

አዲሱን ፊቲንግ ስሰጣት በእጇ መዘነችው። «ፕላስቲክ ነው?» አለች፣ ትንሽ ቅር ብሏት።

ፕላስቲክ ብቻውን አይደለም። ኮምፖዚት ይባላል፤ ሁለት ነገሮች ተዋህደው የሠሩት ማለት ነው። በሀገራችን የጭቃ ቤት ሲሠራ ጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ ይገባል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭድ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ ሲቦኩ ግን ዓመታት የሚቆም ቤት ይወጣቸዋል። እዚህ ጭቃው ናይለን ነው፤ ጭዱ ደግሞ ፀጉር የሚያክል ቀጭን የመስታወት ክር ነው። የሚጠመዘዘው ጫፍ ብዙ ጊዜ ናስ ነው፤ ናስ ቢጫ ብረት ነው።

ለምን ሙሉ በሙሉ ብረት አይሆንም? በክረምት መንገዶቻችን ላይ የሚበተነውን ጨው ታውቁታላችሁ። ጨው ብረት ይበላል፤ ኮምፖዚትን ግን አያዝገውም። ደግሞም ቀላል ነው፣ ለመግጠምም ጊዜ አይፈጅም። ሁሉ ቦታ ግን አይሆንም። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር በጣም ስለሚሞቅ እዚያ ጋ ያለው መስመር ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ለፍሬን የሚሆነው ፊቲንግም ለፍሬን ተብሎ የተፈቀደው ብቻ ነው። እቤታችሁ ከኩሽናው ቧንቧ ሥር የውኃ ማጣሪያ ካለ ተመሳሳይ ፊቲንግ ታዩ ይሆናል፤ መልኩ ቢመሳሰልም መኪና ላይ አይገባም።

የአሰብ መንገድ

እኔ ሥራውን ስጀምር እንዲህ ያለ ፊቲንግ አላየሁም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ያኔ የኢትዮጵያ ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ወደብ ነበር፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ግን መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ረዳት ማለት ታኮ የሚያደርግ፣ ጎማ የሚቀይር፣ ሌሊት ዕቃ የሚጠብቅ ልጅ ማለት ነው።

የዚያ መኪና ቱቦዎች መዳብ ነበሩ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በዳዶ ይጠብቃል። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ሞላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ታኮ፦ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 ሀገራችን ሲገቡ መኪናቸውን ይዘው መጡ። እነሱ ሄዱ፤ የመኪናው ቃላት ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ዛሬ አማርኛ ናቸው።

የመኪናችን ሹፌር ትልቅ ሰው ነበሩ። ዳዶ ባጠበቅሁ ቁጥር ኦሞ በውኃ አስበጥብጠው አረፋውን መጋጠሚያው ላይ ያስቀቡኛል። አረፋው ከተነፋ አየር ይወጣል ማለት ነው። «ጋሼ፣ አጥብቄዋለሁ እኮ» ስል፣ «አጥብቀህ ይሆናል። እስቲ አሳየኝ» ይሉኛል። ተቆጥተው አያውቁም። «እስቲ አሳየኝ» ብቻ።

ጥያቄው

ወደ ካልጋሪ ልመለስ። የቱቦውን የተፋቀ ጫፍ በቱቦ መቁረጫ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ። አዲሱን ፊቲንግ ጠምዝዤ አሰርኩ። ቱቦውን ልገፋ ስል ስልኬ ጠራ። ጋሼ ነው፤ «ስንት ሰዓት ይደርሳል?» ይላል። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ቱቦውን ገፋሁት፣ ቆመ። «ምሳ ሳትበላ ይደርሳል» አልኩትና ዘጋሁ።

ሞተሩን አስነስተን ግፊቱ 120 እስኪደርስ ጠበቅን። ቱቦውን ጎተትኩት፤ ይዟል። ልጄ የሳሙና ውኃ ረጨችበት፤ አንድም አረፋ አልተነፋም። «አለቀ» አልኩና ጓንቴን ማውለቅ ጀመርኩ።

እሷ ግን በባትሪ እያበራች ታያለች።

«አባ፣ ይሄኛው ለምን...» አለችና ቆመች። ቃል እየፈለገች ነው።

አፌ ተከፍቶ ነበር። «ለምን አዲስ ሆነ ማለትሽ ነው? ስለቀየርነው ነዋ» ልላት ነበር። የማታው ስምምነት ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ጠበቅሁ።

«ይሄኛው ለምን መስመር የለውም?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከጎኑ ያሉት ሁለት ቱቦዎች ከፊቲንጉ አፍ አጠገብ በነጭ ቀለም የተሠመረ ቀጭን መስመር አላቸው። እኔ የገጠምኩት የለውም።

መስመሩን መካኒክ ነው የሚያሰምረው። ቱቦው ስንት መግባት እንዳለበት ይለካና ከመግፋቱ በፊት ምልክት ይደረግበታል። ተገፍቶ መስመሩ የፊቲንጉን አፍ ሲነካ ቱቦው ግድግዳው ጋ ደርሷል ማለት ነው። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ቱቦ ሲገፋ ሁለት ቦታ ላይ ስለሚከብድ ነው። መጀመሪያ ኦሪንጉ ጋ ይከብዳል፤ መጨረሻ ግድግዳው ጋ ይቆማል። የቸኮለ እጅ የመጀመሪያውን ለመጨረሻው ሊወስደው ይችላል። ጥርሶቹ ከኦሪንጉ በፊት ስለሆኑ ቱቦው ግማሽ ቢገባም ይነክሱታል፤ ብትጎትተው ይይዛል። ኦሪንጉ ትንሽ ከነካውም ለጊዜው አየር ላያስወጣ ይችላል።

«ጎትቼዋለሁ፣ ሳሙናም ረጭተናል» ልላት እችል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ጆሮዬ ውስጥ የሰማሁት ሌላ ነው፦ «እስቲ አሳየኝ።»

ከማጠራቀሚያው አየሩን በሙሉ ለቀቅን። ቱቦው ላይ በፊቲንጉ አፍ ልክ መስመር አሰመርኩ። ቀለበቱን ተጭኜ አወጣሁትና ለካን። አራት ሚሊሜትር ጎድሏል።

አራት ሚሊሜትር የጤፍ እንጀራ ውፍረት ቢሆን ነው። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችል ነበር። ምናልባት ደግሞ ቱቦው ተራራ ላይ በብርድ ሲኮማተር፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀስ እያለ ከኦሪንጉ ይወጣ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሞቅ ብሎት ያልተነፋው አረፋ እዚያ ማን ያየዋል?

«የኔ ጥፋት ነው» አልኳት። «ስልክ እያናገርኩ ገፋሁት።»

ጥርስ የነከሰውን ጫፍ ቆረጥን። ለካች። በነጭ ቀለም አሰመረች። እኔ እጄን እጇ ላይ አድርጌ አብረን ገፋነው። መጀመሪያ ከበደ። «አላለቀም፣ ግፊ» አልኳት። እንደገና ገባ፣ ከዚያ ቆመ። መስመሩ የፊቲንጉን አፍ ነካ።

«ዋጠው!» አለች።

ጎተትን፣ አየር ሞላን፣ ሳሙና ረጨን። ቦርዱ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ ለብዙ ደቂቃ አየነው፤ አልወረደም።

ጋሼ ከሰዓት ሲመጣ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ግን መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ «ተባረኪ፣ እደጊ» አላት። እኔን ደግሞ «አንተ፣ ስልኬን አታንሳ» አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ማታ ደወለ። «ደርሻለሁ» አለ። ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። «እንኳን በሰላም ገባህ» አለችው፣ ሳትቆም፣ በአንድ ትንፋሽ። ለሽማግሌ «ገቡ» መባል እንዳለበት ላርማት አሰብኩና ተውኩት። ሌላ ቀን እነግራታለሁ።

የዛሬ ቃላት

ንፋስ፦ የሚነፍስ አየር፤ በሹፌሮች ቋንቋ በመኪና ውስጥ የታመቀ አየር።
ፍሬን፦ መኪና የሚያቆም መሣሪያ።
ሞላ፦ ሲጫኑት የሚጨማደድ፣ ሲለቁት የሚዘረጋ ጥምዝ ብረት።
ታኮ፦ መኪና እንዳይሄድ ጎማ ሥር የሚደረግ ነገር።
ዳዶ፦ በቡሎን ጥርስ ላይ የሚጠመዘዝና የሚያጠብቅ ብረት።
ረዳት፦ የሚያግዝ ሰው፤ ከሹፌር ጋር የሚሄድ ሠራተኛ።
ዋጠ፦ ሳያኝክ ወደ ውስጥ አስገባ።
አሰመረ፦ መስመር አደረገ።

እቤት ተነጋገሩበት

1. በአፍ፣ በቡሎንና በፊቲንግ ውስጥ ያሉት «ጥርሶች» የሚመሳሰሉት በምንድን ነው?
2. ቱቦው ሲጎተት ቢይዝም መስመሩ ለምን አስፈለገ? በራሳችሁ ቃላት አስረዱ።
3. ከቤተሰባችሁ ሥራ የሚሠራ ሰው ምረጡና «እስቲ አሳየኝ» ወይም «እስቲ አሳዪኝ» በሉ። ከሥራው ሦስት ቃላት ጻፉ።